ነዳጁ አለ፣ ሲስተሙ የለም፦ ድሬዳዋ ላይ ስልኩና መንገዱ የሚጋጠሙበት ቦታ

ድሬዳዋ ውስጥ ረፋድ ላይ አንድ ማደያ ደጃፍ የተሰለፉ ባጃጆችን አስቡ። ጋኑ ውስጥ ቤንዚን አለ። ቀጂው ቱቦውን እንደያዘ ነው። ሾፌሮቹም ገንዘብ አላቸው፤ እንዲያውም የአንዳንዱ ኪስ በአሥርና በሃምሳ ብር ኖት አብጧል። ያም ሆኖ አንድም ሊትር አይቀዳም፤ ኔትወርክ የለማ! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲፈጸም በመንግሥት ስለተወሰነ፣ ኪስ ያሳበጠው ብር እዚህ ቦታ ላይ ወረቀት ነው። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ስልኩን ሽቅብ እንደያዘ "መጣ፣ መጣ!" ይላል፤ ሰልፉም ይንቀሳቀሳል።

ምን ሆነ? ሌላ ከተማ ባለ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ ቁጥር ስላልተጻፈ ድሬዳዋ ላይ ጎማዎች ቆሙ። ቁጥሩ ሲጻፍ ጎማዎቹ ዞሩ። የዲጂታሉና የአካላዊው ዓለም መቀላቀል የሚባለው ከባድ ሐረግ ሲፈታ ይኸው ነው። ስልኩ ውስጥ የሚሆነው ነገር መንገዱን ያዛል፣ መንገዱ ላይ የሚሆነውም ተመልሶ ስልኩ ውስጥ ይጻፋል።

እኔ በዚህ ላይ የምለው አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ዓለማት በራሳቸው አይገናኙም። በተገናኙበት ሁሉ መሀላቸው የቆመ ዕቃ ወይም ሰው አለ፤ አንቴና፣ ካሜራ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ ወኪል፣ ቀጂ፣ ለአያቷ መልእክት የምታነብ የልጅ ልጅ። ገንዘብ የሚጠፋው፣ መንገድ የሚሳተው፣ ሰው የሚጉላላው እዚያው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዓይን ላይ የሚጠለቀው ትልቅ መነጽር ነው። ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ አንድ መስመር አስምረዋል። በአንደኛው ጫፍ እንዳለ ያለው ዓለም፣ በሌላኛው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ኮምፒውተር የሠራው ዓለም፣ በመካከል ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ በተለያየ መጠን። መነጽሩ የሚገባው እዚህ መስመር ላይ ነው። ቦይንግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቶም ኮደል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሰበው የአውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጉ ሠራተኞች ሽቦው የሚያልፍበትን መስመር ዓይናቸው ፊት ተስሎ እንዲያዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፖኪሞን ጎ የሚባለው ጨዋታ ወጣና በየአገሩ ሰው ስልኩን ዘርግቶ መንገድ ላይ የሌለ እንስሳ ሲያሳድድ ታየ።

በዜሮክስ ኩባንያ የካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ማርክ ዋይዘር ግን ነገሩን ገልብጦ አየው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረውንና በ1991 በሰፊው ያሳተመውን ሐሳቡን ባጭሩ ስናስቀምጠው፦ ሰውን ወደ ኮምፒውተሩ ዓለም ከማስገባት ይልቅ ኮምፒውተሩን በሰው ዓለም ውስጥ መበተን፤ ግድግዳው፣ ወረቀቱ፣ ኪሱ ውስጥ እስኪጠፋና ሰው መኖሩን እስኪረሳው ድረስ። ከሁለቱ መንገዶች ድሬዳዋ የሄደችው በዋይዘሩ ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ መነጽር ያጠለቀ ሰው አታገኙም፤ ግን ቲማቲም የሚገዛው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ኮምፒውተር ይዟል፣ ኮምፒውተር መሆኑንም አያስበውም። መነጽሩን ለሀብታም አገር መጽሔት እንተወውና ወደ ኪሳችን እንመለስ።

ይህ አካባቢ ከማይታይ ነገር ጋር ንግድ ሲጀምር የመጀመሪያው አይደለም። የኢትዮጵያ የቴሌኮም ታሪክ ሲጻፍ የሚጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ወዲህ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ነው። ድሬዳዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 የጂቡቲው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከሐረር አልፎ የሚመጣ ወሬና ከባሕር የሚመጣ ዕቃ የተገናኙት እዚህ ነው። የመጋላ ሰፈር ነጋዴ ደግሞ ሐዋላን ያውቃል። ድሬ ያለው ሰው ብሩን ይቀበላል፣ ሐርጌሳ ያለው ባልደረባው እዚያው ከኪሱ ይከፍላል፣ ሁለቱ በኋላ ይተሳሰባሉ። ብሩ ድንበር አልተሻገረም፤ ሁለት ደብተር ላይ ግን ቁጥር ተቀይሯል። ሶማሌላንድ ውስጥ ዛድ የሚባለው የስልክ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ከወዲያ ማዶ ጋር የሚነግዱ የድሬ ሰዎች ጫትና ጨርቅ በስልክ ሲከፈል ያዩት ቴሌብር ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ አገልግሎቱን ለደንበኛ የሞከረው ከአዲስ አበባ በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ሲሆን፣ የስልክ ገንዘቡ ኤም-ፔሳ ከአንድ ዓመት በኋላ ተከተለ። አዲስ ነገር ሁሉ ከሸገር ወደ እኛ ይወርዳል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይቺን ማስታወስ አይከፋም አቦ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ስልካችሁ ላይ 500 ብር አለ ሲባል ስልኩ ውስጥ ብር የለም። ስልኩ ቢሰረቅ፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ፣ ብሩ አይጠፋም። ያለው በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ከስማችሁ ጎን የተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባዶ ቁጥር እንዳይሆን የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ኩባንያው ለደንበኞቹ የጻፈውን ያህል እውነተኛ ብር ባንክ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። ለሰው 500 ስትልኩ የእናንተ ቁጥር ይቀንሳል፣ የእሱ ይጨምራል፣ ባንክ ያለው ብር ከቦታው አይነቃነቅም። እዚህ ድረስ ከሐዋላው ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ሐዋላ ውስጥ የምታምኑት አንድ የምታውቁት ሰው መሆኑ ነው፤ እዚህ የምታምኑት ኩባንያ፣ መመሪያና ማሽን ነው።

ወረቀቱ ብር ቁጥር የሚሆንበት፣ ቁጥሩም ተመልሶ ወረቀት የሚሆንበት ቦታ የወኪሉ ሱቅ ነው። ወኪሉ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ መሳቢያው ውስጥ ጥሬ ብር፣ ስልኩ ውስጥ ቀሪ ሂሳብ። ብር ስታስገቡ መሳቢያው ይሞላና ስልኩ ይጎድላል፤ ስታወጡ ደግሞ በተቃራኒው። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ሁሉም ማውጣት ብቻ ሲፈልግ መሳቢያው ባዶ ይቀራል፣ ወኪሉም "የለኝም፣ ማታ ተመለሱ" ይላል። ሰው ይሄኔ "ሲስተም የለም ማለት ነው" ብሎ ይሄዳል። ሲስተሙ ግን አለ። የጠፋው ወረቀቱ ነው።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰውስ? *127# ደውሎ የሚወጣለት ዝርዝር ዩኤስኤስዲ ይባላል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የሚጓዘው ስልኩና የኔትወርኩ ማማ ከሚነጋገሩበት መስመር ላይ ነው። ዝርዝሩ ስልኩ ውስጥ አይቀመጥም። 1 ስትጫኑ ቁጥሯ ሄዳ መልስ ይዛ ትመጣለች፣ 2 ስትጫኑ እንደገና። ንግግሩ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ ወይም መሀል ላይ ኔትወርክ ስለሚቆረጥ፣ ሚስጥር ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ ስክሪኑ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁለቴ የሚከፍለው እዚህ ጋ ነው። ትእዛዙ ደርሶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመድገማችሁ በፊት ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ።

ቀፊራ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ እናት ይህን ሁሉ በዚህ ቋንቋ አትነግራችሁም፤ ግን ታውቀዋለች። ገዢው ወጣት ስልኩን ወደ እሷ ያዞርና "ይኸው እናቴ፣ ልኬያለሁ" ይላል። እሷ የእሱን ስክሪን አታይም። የራሷን ትንሽዬ ስልክ ከጉያዋ ታወጣለች፣ ጠብቃ "አልገባም ልጄ" ትላለች። ይጠብቃሉ። ከኋላ ያለው ገዢ ማጉረምረም ይጀምራል። ስልኩ ጢጥ ይላል፤ መልእክቱን አጠገቧ ሽንኩርት ለምትሸጠው ልጅ ትሰጣታለች፣ ልጅቷም መጠኑን ጮክ ብላ ታነብላታለች። ያኔ ፌስታሉ ይታሰራል።

ይህች ሴት ያደረገችው ከብዙ የደኅንነት ትምህርት የተሻለ ነው። ገዢው የሚያሳያት ስክሪንሾት ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ይቀነባበራል፣ የትናንቱም ዛሬ ይታያል። ገንዘቡ መግባቱን የሚመሰክረው የኩባንያው ኮምፒውተር ራሱ ለእሷ የሚልከው መልእክት፣ ከዚያም በላይ ቀሪ ሂሳቧ ነው። መልእክቱም ቢሆን ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ ከሆነ ማንም የጻፈው ጽሑፍ ነው። "ወንድሜ በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፣ እባክህ መልስልኝ" የሚለው ማጭበርበር የሚሠራው በዚህ ነው። የተላከ ብር የለም፤ የተላከው መልእክት ብቻ ነው። የሰውየው ድምፅ የተጨነቀ፣ የሚያሳዝን ይሆናል፤ ቸኩሎ የሚመልሰው ሰው የሚመልሰው የራሱን ብር ነው። የቅመም ሻጯ ድክመት አንድ ብቻ ነው፤ የምታነብላት ልጅ ያልመጣች ቀን ምን ታደርጋለች? ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ የሚናገር ማረጋገጫ ማዘጋጀት የሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛም መሆን አለበት፤ ቀፊራ ሦስቱንም ይናገራልና።

በሱቁ መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ጥቁርና ነጭ ካሬ፣ ኪውአር ኮድ፣ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ በሚባል ኩባንያ ሲሆን ዓላማው የመኪና ዕቃዎችን መከታተል ነበር። ሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ካሜራው ወረቀቱ በየት በኩል እንደዞረ እንዲያውቅ ነው። ጽሑፉ በሒሳብ ተጠብቆ ስለሚታተም እስከ 30 በመቶው ቢቀደድ ወይም ዘይት ቢነካው እንኳ ሊነበብ ይችላል። አደጋው ከመቀደዱ ይልቅ ከመደረቡ ነው፤ በባለሱቁ ኮድ ላይ ሌላ ሰው የራሱን ቢለጥፍ ካሜራው ልዩነቱን አያውቅም። ሚስጥር ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ስም ለባለሱቁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ወደ ካርታው ስንመጣ ሐረር እንውጣ፤ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉዳዩ ጀጎል ግንብ ውስጥ የበለጠ ይገለጣልና።

ስልካችሁ ካርታ ላይ የሚያሳያችሁ ሰማያዊ ነጥብ የሚሠራው በሰዓት ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ተሸክመው "እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው" እያሉ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ስልኩ ይሰማል እንጂ ወደ ሳተላይቱ አንዳች አይልክም። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ በደረሰበት መዘግየት ርቀቱ ይሰላል፤ ከአራት ሳተላይት ከተሰማ ቦታውም የስልኩ ሰዓት ስህተትም አብረው ይገኛሉ። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያስታል፤ ስለዚህ ነው ሰዓቱ ላይ ይህን ያህል የሚደከመው።

ገላጣ ሰማይ ስር፣ ለምሳሌ ፈረስ መጋላ አደባባይ መሀል ላይ ስትቆሙ፣ የስልክ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሜትር በላይ አይስትም። ጥሩ ነው። ነገር ግን ጀጎል 48 ሄክታር ላይ 368 ጠባብ መተላለፊያዎች አሉት የሚባል ከተማ ነው፤ ብዙዎቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያልፍባቸው ናቸው። የ5 ሜትር ስህተት አስፋልት ላይ ምንም ማለት አይደለም፣ እዚህ ግን ከግንብ ማዶ ወዳለው ሰው ግቢ ያስገባችኋል። ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበትን መኪና ግርግርን ይዛችሁ ትወርዱና ወደ አንዱ መተላለፊያ ስትታጠፉ ይብሳል። ግራና ቀኝ ያለው የድንጋይ ግንብ የሰማዩን አብዛኛውን ክፍል ይከልላል፣ ከጎን የሚመጡት ሳተላይቶች ይጠፋሉ። ከቀሩት ውስጥ አንዳንዱ ምልክት ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይደርሳል፤ የነጠረ ምልክት ረጅም መንገድ ስለተጓዘ ስልኩ ሳተላይቱን ከትክክለኛው ርቀቱ አርቆ ይቆጥረዋል። እናንተ ቆማችሁ ነጥቡ ይዘላል። ቱሪስቱ ስልኩን እያዞረ በክብ ሲሄድ በሩ ላይ የተቀመጡት ልጆች የሚስቁበት ምክንያት ፊዚክስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልጨምር። ነጥቡ ዳታ አይፈልግም። ዳታ የሚበላው ከነጥቡ ስር ያለው የካርታ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ካርድ ሳይኖርም መንገዱን ታገኛላችሁ።

ድሬዳዋ ላይ መንገዶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ የከዚራ ሰፈር መንገዶች ጥላ ካላቸው ዛፎች ጋር ቀጥ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ነጥቡ ሰላም ያገኛል። እዚህ ያለው ችግር ቤት ቁጥር ነው። "ሎኬሽን ላክልኝ" ይባላል፣ በቴሌግራም ነጥብ ይላካል፣ ባጃጁም ይመጣል፤ ከዚያ ግን ስልክ ይደወላል። "የት ጋ ነሽ?" "ሳቢያን፣ ከመስጊዱ ታጥፈህ፣ ሰማያዊ በር።" ነጥቡ እስከ ሰፈሩ ያመጣል፤ እስከ በሩ የሚያመጣው አሁንም አፍ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነገር አለ፤ ጎግል በነፃ የለቀቀው ፕላስ ኮድ ምድርን በሙሉ በትንንሽ ካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አጭር የፊደልና የቁጥር ስም ይሰጣል፤ ካሬው 14 ሜትር በ14 ሜትር ገደማ ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ቤትም ስም ያገኛል ማለት ነው። ለመላክ ይመቻል፤ ግን ሰማያዊውን በር አይነግርም።

ሰዓቱም አለ። ካርታው ስለ አንድ ሱቅ "ክፍት ነው" ሊላችሁ ይችላል፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ግን በዚህ ሙቀት ባለሱቁ በሩን ዘግቶ ምሳውንና በርጫውን ይዟል። ድሬን የማያውቅ ሰው ከስልኩ ጋር ተማምኖ የተዘጋ በር ያንኳኳል። በዚያ ላይ ስልኩ 13 ሰዓት የሚለውን እኛ ሰባት ስለምንል፣ ከውጭ የመጣ ቀጠሮ ስድስት ሰዓት ተዛንፎ የሚቀርበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

እስካሁን ያየነው ስልኩ ከተማውን ሲያሳየን ነው። ሌላው አቅጣጫ ብዙም አይታሰብም፤ ስልኮቻችን ከተማውን ለካርታው ይነግሩታል። መንገድ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮ "መጨናነቅ አለ" የሚባለው ካሜራ ስላየ አይደለም። እዚያ መንገድ ላይ ያሉ ስልኮች ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን ስለሚልኩ፣ ብዙ ስልክ ቀስ ብሎ ከሄደ ኮምፒውተሩ "ተጨናንቋል" ብሎ ይደመድማል። ሲሞን ቬከርት የተባለ ጀርመናዊ አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረገው ሥራው 99 ስልኮችን በአንዲት ትንሽ ጋሪ ጭኖ በርሊን ውስጥ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ጎተተ፤ ካርታው ላይ መንገዱ ቀይ ሆነ። ካርታ አይቶ የሚሄድ ሾፌር ባዶውን መንገድ ትቶ ሌላ መንገድ ይይዛል ማለት ነው፤ የሌለ መጨናነቅ እውነተኛ መጨናነቅ ሌላ ቦታ ላይ ሊፈጥር ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት አሸዋ ገበያ አካባቢ ሲጠብ ደግሞ ስልክ የያዘው እግረኛ፣ ጋሪ ነጂና ባጃጅ ካርታው ላይ ሊደባለቁ ይችላሉ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ጋሪ ነጂ ለካርታው የለም።

ስለ ማኅበራዊ ኑሮው ብዙ አልልም፤ ሁሉም በቤቱ ያየዋል። ሠርግ ላይ ትራስ ተደግፎ የቆመ ስልክ አለ፤ ስክሪኑ ውስጥ ጂዳ ወይም ቶሮንቶ ያለችው እህት እልል ትላለች፣ ድምጿ ትንሽ ዘግይቶ ከሌላው እልልታ በኋላ ይሰማል። የአፎሻ፣ እንደ እድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር፣ መዋጮ በስልክ ይገባል፣ ለቅሶም በቴሌግራም ይነገራል። ሬሳ ለማውጣትና ጀናዛ ለመሸከም ግን የግድ ትከሻ ያስፈልጋል፤ አፎሻውም ዛሬም የሚቀጣው ገንዘብ ልኮ የቀረውን ነው።

ከሁሉ የጠበቀው መጋጠሚያ ግን ገላችን ራሱ ነው። ፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል፣ 12 አሃዝ ያለው ቁጥርም ይሰጣል። አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው። ባንኮችም ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ መጠየቅ ጀምረዋል። ማሽኑ አሻራችሁን እንደ ሥዕል አያወዳድርም፤ መስመሮቹ የሚያልቁበትንና የሚከፈሉበትን ነጥብ ለቅሞ ወደ ቁጥር ይለውጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ጣታችሁን ስታሳርፉ አዲሱ ቁጥር ከድሮው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይሰላል፤ ከተወሰነ መጠን ካለፈ "እሱ ነው" ይባላል። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ ግምት አለበት። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ልብስ በእጅ የሚያጥብ ሰው የጣቱ መስመር ስለሚደመሰስ ማሽኑ ደጋግሞ ሊከለክለው ይችላል። ሰውየው ራሱ ፊቱ ቆሞ ማሽኑ "አይደለህም" ሲለው፣ ማንን እንደሚያምን የሚወስነው መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። የዓይን ብሌኑና ፊቱ አብረው የሚመዘገቡት አንደኛው ሲያቅት ሌላው እንዲተካ መሆኑን ማወቅና "በሌላው ሞክሩልኝ" ማለት መብት ነው።

ሚስጥር ቁጥር ከተሰረቀ ይቀየራል። ጣት አይቀየርም። ለዚህ ሲባል አሻራንና የመሳሰለውን የሚሰበስብ አካል ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሕግ አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ማንም መንገድ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ "አሻራ ስጡና ካርድ እንሙላላችሁ" ቢላችሁ፣ ለ50 ብር ካርድ የምትሰጡት ዕድሜ ልክ የማይቀየር ቁልፍ ነው።

የመጨረሻው ነገር ደቻቱ ነው። በበጋ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከሳተላይት ሲታይ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ሰፊ መንገድ ይመስላል፣ ሰውም እንደ መንገድ ይሄድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን ከላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ሌሊት ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የዘነበው እዚያ ላይ ነው፤ የተኛው ሰው ያለው እዚህ ታች ነው። በመካከሉ ጊዜ ነበረ።

ዲጂታል መንትያ የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንድን እውነተኛ ነገር መስሎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ቅጂ፣ እውነተኛ ጥቅሙ የሚገባኝ እዚህ ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ መላ ከተማዋን በኮምፒውተር ውስጥ በሦስት ገጽታ የሠራችው ብዙ ገንዘብ አፍስሳ ነው፤ ድሬዳዋ ያን ያህል ሕንፃ መሳል አያስፈልጋትም። የሚያስፈልገው የወንዙ ተፋሰስ ሞዴል፣ ወደ ደንገጎ በኩል ባሉት ከፍታዎች ላይ የዝናብ መለኪያዎች፣ ወንዙ ላይ ደግሞ የውኃውን ከፍታ የሚያነብ መሣሪያ ነው። መለኪያው ቁጥሩን በስልክ ማማ በኩል ይልካል፣ ሞዴሉ ጎርፉ መቼ ከተማው ድልድይ ስር እንደሚደርስ ያሰላል፣ ማስጠንቀቂያው ወንዙ ዳር ባሉ ስልኮች ሁሉ ይጮኻል። እያንዳንዱ ክፍል በዓለም ላይ ያለና የሚሠራ ነገር ነው።

የሚበላሸው ግን እንደ ማደያው ሁሉ መጋጠሚያው ላይ ነው። ሌሊት ስልኩን ዘግቶ የተኛ ሰው አይሰማም፤ ስለዚህ መልእክቱ ሙአዚኑና የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ጋ ቀድሞ መድረስ አለበት፣ የድምፅ ማጉያው በእነሱ እጅ ነውና። ማስጠንቀቂያው በሦስት ቋንቋ መሆን አለበት፤ "ዝናብ ይጠበቃል" ከማለት ይልቅ "ከወንዙ ውጡ፣ አሁን" ማለት አለበት። ማማው ደግሞ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ከባድ ዝናብ መብራቱን ከቆረጠው ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚያቆየው የሚጠየቀውና የሚሞከረው በበጋ፣ አሸዋው ደረቅ ሳለ ነው።